በሹሩባው ውስጥ የቀበርኳት ክታብ

ልጄ በማሽኑ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሐኪሙ ከመስታወቱ ወዲህ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ምስሉን ያነሳው ወጣት ባለሙያ ከኋላው ቆሟል። የልጄ ባል መስታወቱን ተጠግቷል። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ሥር ነበርኩ።

የምርመራ ቤቱ ከላምበረት ብዙ አይርቅም። ልጄ ራሷን ሲያማት ሰንብቶ በዚያን ዕለት ጠዋት አንቀጥቅጦ ጣላት፤ ገና በደንብ አልነቃችም። ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ እምብዛም የማይገጥም ኢንፌክሽን ጠርጥሯል፤ ወይ የኮሶ ትል ዕጭ፣ ወይ የቲቢ እብጠት።

«የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ ማየት አለብኝ» ብሎናል።

ምስሉ ላይ ግን ከአንድ ነጥብ የተረጨ ነጭ ጨረር ሁሉን ሸፍኖታል።

«ይሄ ብረት ነው። ጭንቅላቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ» አለ ባሏ።

«እናቴ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ሹሩባዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ስጎነጉንላት፣ በቆርቆሮ የተለበጠች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ክታብ ውስጡ ቀብሬያለሁ። የጻፈልኝ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚኖር ደብተራ ነው። የማን ዓይን እንዳረፈባት ሲጠይቀኝ የባሏን እናት ስም ሰጠሁት። ሴትዮዋ ለፋሲካ ከገጠር መጥታ፣ በስመ አብ ሳትል «ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ስላለቻት ብቻ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ።

«እስቲ ፀጉሯን ፈትሹ» አለ ሐኪሙ።

ባሏ ገብቶ ሹሩባዋን አንድ በአንድ ዳበሰ። ክታቧን አወጣት። በመስታወቱ አሻግሮ አንድ ጊዜ አየኝ።

ወጣቱ ሳቀ። «መምህር! ኬሚስትሪ አስተምራለሁ አላሉኝም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩላት» አለ ባሏ። «ሲጨንቅ ምን ይደረጋል።»

«ለተማሪዎችዎ ከፈተና በፊት እንዳያድሏቸው ብቻ!»

እሱም ፈገግ አለ። 

ምስሉ እንደገና ተነሳ። አሁን መሐሏ ላይ ነጥብ ያላት አንዲት ጥቁር ክብ ጠርታ ታየች።

«ትሉ ይኸው» አለ ሐኪሙ። «በመድኃኒት ይድናል።»

ባሏ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እማዬ፣ ተገኘ! ትድናለች ብለዋል። በቃ፣ አታልቅሺ።»

ጥቂት አዳምጦ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ፣ እስቲ ያነጋግሯት። ልጅዎ ከታመመች ጀምሮ በጾም በጸሎት ነው የሰነበተችው።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።