ይድረቅ ተብሎ የተተወ ምራቅ

ባለእቶኑ ፌንግ የተፋው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው። ያለፈው ዙር ሸክላ ጢስ ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። እርጥቡን የጥድ ማገዶ በርካሽ የገዛው ራሱ ቢሆንም፣ ጥፋቱን የተሸከመው የእቶን አለቃው ዩ ካይሼንግ ሆነ።

«ዓይንህ ፈስሷል፣ አንተ ሽማግሌ! ሂድና ሩዝ ቀቅል!»

ምራቁ ጉንጩ ላይ አረፈ። ታናሽ ወንድሙ ካይሊን ሊጠርግለት ፎጣውን ከአንገቱ ሲያወርድ ካይሼንግ እጁን ያዘው። ፈገግ አለ።

«ተወው።»

ካይሼንግ ወደ ቻይና የሸክላ ከተማ ወደ ጂንግዴዠን የመጣው በልጅነቱ ነው። እንጨት ተሸከመ፣ አመድ ጠረገ፣ ተረገጠ፣ ዝም አለ፤ በመጨረሻ አለቃ ሆነ። ወንድሙን ያሳደገው በአንድ አባባል ነው፦ የተተፋብህ ምራቅ ራሱ ይድረቅ። በታንግ ነገሥታት ዘመን አንድ ሹም፣ ለሹመት የሚሄድ ታናሹን «ቢተፉብህስ?» ይለዋል። «ዝም ብዬ እጠርገዋለሁ።» «እሱማ መቀየምህን ያሳብቃል፤ የተፋብህን ሰው ይብስ ታናድደዋለህ። ሳቅ ብለህ ተወው፣ ይደርቃል።» ካይሊን ይህ ሁሉ ደግነት ይመስለው ነበር።

እቶኑ ተለኮሰ። ፌንግ የእቶኑን ቦታ ስለሚያከራይ የድሆች ሸክላ ሠሪዎች ሥራም እቶኑ ውስጥ ነበር፤ የካይሊን አማት የከረመበት ሥራ ሁሉ ሳይቀር። በማግስቱ ከሰዓት ካይሼንግ እንደ አገሩ ደንብ በእቶኑ መመልከቻ ቀዳዳ ወደ ነበልባሉ ተፋ። አለቃ እሳቱን የሚለካው በምራቁ አተናነን ነው። እሱ «ዝጉ» ሳይል ማንም አይዘጋም።

ምራቁ ገና ከአፉ ሲወጣ ጠፋ።

«እንጨት ጨምሩ» አለ።

ካይሊን በቀዳዳው አጮለቀ። ነበልባሉ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እሳቱ ከልኩ አልፏል እኮ! ሁሉም ሊቀልጥ ነው። የአማቴስ ሥራ?»

«አለቃው ማነው?»

ፌንግ ከበሩ ጠጋ አለ። «ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?»

«እንጨት ይበቃል ይላል፣ ጌታዬ። እኔ ይጨመር እላለሁ። እርስዎ ይፍረዱ።»

«የትናንት ልጅ እሳት ሊያስተምረን ነው? ጨምር ተብለሃል፣ ጨምር!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ካይሼንግ አብሮ ሳቀ። ካይሊን ወደ ባለእቶኑ ዞሮ አፉን ከፈተ፤ ሆን ብሎ እያቃጠለው ነው ብሎ ከተናገረ ወንድሙ ከዚህ ግቢ በሕይወት አይወጣም። አፉን ዘጋ። የታቀፈውን እንጨት መሬት ላይ አኖረው።

ከኋላው የቆመው ሠራተኛ አነሳና ወደ እሳቱ ወረወረው።