የሦስተኛው ደሴት ዝይዎች

ጥርስ ሠሪው ድምፁ ከፍ ብሎ የማይሰማ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጀሶ የጠገበ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድና ሲወለውል ይውላል። በመደርደሪያው ላይ የተሰለፉት የጀሶ መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፤ እሱም አንዳንዴ ቀና ብሎ "ምን ያስቃችኋል?" ይላቸዋል። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም።

ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ግን ሌላ ሰው ነው። "ዘጠኙ ደሴቶች" በሚባለው የኦንላይን ጨዋታ ውስጥ ስሙ ብረት ክንዱ ነበር። በአንድ ምት ሦስት ሽፍታ ይዘርራል፤ ዘንዶ አሳዶ ባሕር ውስጥ ከቷል። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን አልላቀቅ ሲለው የምትከፍትለት ባለቤቱ፣ ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር ሳል ይይዛታል።

አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። አንድ ቀን ታዲያ ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለተጫዋቾቹ ሁሉ አጭር መልእክት ላከ፦ ከስልሳ ቀን በኋላ ሰርቨሩ ይዘጋል፣ አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰርቨሩ ማለት እነዚያ ደሴቶች ሁሉ የሚኖሩበት ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ከጠፋ ደሴቶቹም ዘንዶውም ብረት ክንዱም አብረው ድራሻቸው ይጠፋል።

ከተጫዋቾቹ መካከል "ጄኔራሉ" የሚባል አንድ ሰው ነበር። በሥራ ሰዓት ሊፍት ይጠግናል፤ ከሥራ ውጭ ሰው ያዝዛል። ወዲያው ሁሉንም በስልክ ሰብስቦ ዘመቻ አወጀ።

"ፕሮግራም የምትችሉ አዲስ ሰርቨር ትሠራላችሁ። የቀረነው ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት ያለውን ሁሉ እንመዘግባለን። አንዲት ጠጠር እንዳትቀር!"

ለአንዷ ዛፎቹ ደረሷት። ለሌላው የባለሱቆቹ ንግግር ደረሰው። የብረት ክንዱ ተራ ሲደርስ ጄኔራሉ ጉሮሮውን ጠረገና "ዝይዎች" አለ።

"የምን ዝይዎች?"

"የሦስተኛው ደሴት ናቸዋ። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ናቸው።"

"ጄኔራል፣ እኔ እኮ ዘንዶ ያሳደድኩ ሰው ነኝ።"

"ዘንዶው ተይዟል፤ ዝይ ነው የቀረው።"

ጥርስ ሠሪው ትንሽ ቅር አለው። ግን የተሰጠውን ሥራ አቅልሎ መሥራት አያውቅበትም። ከሥራ እንደተመለሰ ወፍራም ደብተር ይዞ ስክሪኑ ፊት ይቀመጥና ይጽፋል፦ "ዝይ ቁጥር አስራ አራት፦ ወደ ውኃው ሄደች። ቆመች። ሐሳቧን ቀየረች። ተመለሰች። ምክንያቱ አልታወቀም።" ባለቤቱ ነርስ ናት። አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አራት ገጽ ያህል ካነበበች በኋላ አጠገቡ ቁጭ አለችና በሥራ ቦታ በምትጠቀምበት ለስላሳ ድምፅ "ይሄ ነገር ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው?" ብላ ጠየቀችው።

ሌላዋ የቤቱ ሰው አማቱ ናቸው። ከእሱ ክፍል በአንዲት ስስ ግድግዳ ተለይተው ይኖራሉ። በአፋቸው ያለው የላይና የታች ጥርስ የጥርስ ሠሪው የእጅ ሥራ ነው፤ ሦስት ጊዜ አፍርሶ የሠራው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ እማማ ፈገግ ይበሉላቸው" የሚልበት ኩራቱ። እሳቸውም አማቻቸውን ይወዱታል፤ ዝይዎቹን ግን አይወዱም። እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በግድግዳው ውስጥ ሲሰሟቸው ኖረዋል፤ ሲበዛባቸውም በነጠላ ጫማ ግድግዳውን ይደበድቡ ነበር። አሁን ሥራው ሁሉ ዝይ ብቻ ሲሆን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ልጄ" አሉት በሩ ላይ ቆመው፣ "ወይ እኔ፣ ወይ እነዚህ ወፎች።"

"ይቅርታ እማማ፤ አሁኑኑ" አለና ድምፁን ዘጋ። እስከ ስልሳኛው ቀን ድረስም አልከፈተውም።

የመጨረሻው ዕለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተጫዋቾቹ ሁሉ በሦስተኛው ደሴት ዳርቻ ተሰበሰቡ። አንዱ ንግግር ጀምሮ መሐል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጥርስ ሠሪው ፈዞ ቀረ። አማቱ ሲያልፉ ፊቱን አይተው ደነገጡ።

"ምነው ልጄ? ማን ሞተ?"

"ሦስት መቶ አስራ ሁለት ዝይ፣ እማማ።"

 አማቱ ለዝይ አልቅሰው አያውቁም። ቢሆንም ሰው አዝኖ ዝም አይባልምና አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን እያሻሹ "እኔን ይድፋኝ፣ ሁሉም ባንድ ቀን?" አሉ።

አዲሱን ሰርቨር መሥራት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ማሽኑ የጥርስ ሠሪው ቤት መተላለፊያ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው ጎን ተቀመጠ። ሞቅ ስለሚል ባለቤቱ ካልሲ ታደርቅበታለች። የተከፈተ ዕለት ሁለት መቶ ሰው ገባ። ዛፎቹ በቦታቸው፣ ባለሱቆቹ በንግግራቸው፣ ዘንዶው በቁጣው ነበሩ። ሦስተኛው ደሴት ላይ ሲደርሱ ግን ሰዉ ሁሉ ቆመ። ዝይዎቹ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ አፋቸውንም ይከፍታሉ። ድምፅ ግን የለም።

"ብረት ክንዱ" አለ ጄኔራሉ በስልክ፣ "ድምፁ የታለ?"

ጥርስ ሠሪው አፉን በእጁ ያዘ። ደብተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ከድምፁ በቀር።

ሌላ ሰው ቀርጾ ይሆናል ተብሎ ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። ሁሉም "እሱ ይዞታል" ብሎ ተዘናግቷል። ጄኔራሉ ራሱ ቅዳሜ መናፈሻ ሄዶ እውነተኛ ዝይ ቀረጸ። በቀረጻው ላይ አንድ ዝይ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ የጄኔራሉ ጩኸት ይሰማል፤ ተነክሷል። ምን ዋጋ አለው፣ ተጫዋቾቹ ሰምተው "ይሄ እኮ ዝይ ነው፤ የኛ ዝይ አይደለም" አሉ። ጥርስ ሠሪው ሆዱ ባሰው። ከሥራ መልስ እየተቀመጠ ከየቦታው ያገኘውን ድምፅ አንድ በአንድ ያሰማል፦ ዳክዬ፣ ጥሩምባ፣ የብስክሌት ፍሬን።

በስድስተኛው ቀን ግድግዳው በነጠላ ጫማ ተመታ። ቀጥሎ በሩ ተከፈተ።

"አሁንስ አበዛኸው!" አሉ አማቱ። "እንደሱ ነው እንዴ የሚሉት?"

"ምኖቹ፣ እማማ?"

"ወፎችህ ናቸዋ! መጀመሪያ ሳብ ያደርጉታል፤ ከዚያ ስብር ይላል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ማስነጠስ ነው። ስምንት ዓመት ሰምቼው እንዴት ይጠፋኛል?"

ጥርስ ሠሪው ከወንበሩ ተነሣ። "እማማ፣ እስቲ ያሰሙኝ።"

"ሂድ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ!"

"እግርዎ ላይ ልውደቅ?"

አማቱ ግራና ቀኝ አይተው፣ ልጃቸው አለመኖሯን አረጋግጠው፣ ነጠላ ጫማውን አስቀምጠው ሞከሩ። ቀርቧል፤ ግን የሆነ ነገር ያፍነዋል። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ያው ነው። አማቱ ተናደዱ፤ አንዴ ከጀመሩ የሚተዉ ሰው አይደሉም።

"ይሄ ጥርስህ ነው የያዘኝ" አሉና የእጅ ሥራውን ከአፋቸው አውጥተው ሰጡት።

ሦስት ጊዜ አፍርሶ የሠራውን ጥርስ በመዳፉ ይዞ ቆመ። አማቱ አየር ሳቡ። የወጣው ድምፅ ረጅም፣ ስብር ያለ፣ መጨረሻው ማስነጠስ የመሰለ፣ ንዴትና ሐዘን የተቀላቀለበት ድምፅ ነበር። ጥርስ ሠሪው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሦስተኛው ደሴት ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

አማቱ የተቀረጹት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ብርድ ልብሱ ማሚቶውን እንዲውጠው ጄኔራሉ ስላዘዘ። ነርሷ ከሥራ ስትገባ ባሏ ስልኩን ወደ ቁም ሳጥን ዘርግቶ፣ በሌላ እጁ ጥርስ ይዞ "አሁን ደግሞ የተናደደች ዝይ" ሲል ደረሰች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መለሰ። ነርሷ ቦርሳዋን እንደያዘች ኩሽና ገባች፤ ውኃ ጠጣች።

በማግስቱ ሁለት መቶው ሰው ዳርቻው ላይ ቆሞ ሰማ። "እነሱ ናቸው!" አለ አንዱ። ሌላዋ ልጅነቴ ትዝ አለኝ ብላ አለቀሰች። አማቱ ጥርሳቸውን አድርገው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር፤ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ "ደግሞ ምን ሆኑ? አስደነገጥኳቸው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ወዲህ "የዝይዎቹ እናት" የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። አጸያፊ ነገር ነው አሉ፤ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነገሩ።

ነገሩ በዚሁ ባለቀ ጥሩ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ወደ ሰርቨሩ ገቡ። ድሮ በድርጅቱ ውስጥ የጨዋታውን ድምፆች የሠሩት ሰው ነበሩ፤ ቤታቸውን ሲያጸዱ ከአሮጌ ሲዲ ላይ የዝይውን ዋና ፋይል አግኝተው በደስታ ላኩት። ጄኔራሉ ለሁሉም አሰማ።

"ውሸት ነው!" አለ አንዱ ወዲያው።

"ይሄ ሰውዬ አጭበርባሪ ነው፤ ዝይዎቹን መቼ አይቷቸው ያውቃል?" አለ ሌላው።

ጥርስ ሠሪው ፋይሉን ሥራ ቦታው ወስዶ በጀሶ መንጋጋዎቹ ፊት ደጋግሞ ሰማው። ልቡ ያውቃል፤ ዋናው ይህ ነው። ቀጭን፣ ደረቅ፣ አጭር ነገር። ግን አሁን ሲሰማው ባዕድ ሆነበት። እውነቱን ደብቆ መኖር ስለማይችል ቤት ገብቶ ለአማቱ አሰማቸው።

አማቱ ጆሯቸውን አስጠግተው አንድ ጊዜ ብቻ ሰሙት። "ይሄ ዝይ አይደለም" አሉ፣ "በር ነው። ዘይት ቀባው።"

ጥርስ ሠሪው እየፈራ ለሽማግሌው ደውሎ ይህንኑ ነገራቸው።  ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀብኝም!" አሉ። "የቢሮአችን መጸዳጃ በር ነው። ዝይ ፍለጋ የምሄድበት ጊዜ ከየት አምጥቼ? የእርስዎ አማት ግን... እንዲያው እኝህ ሴት ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያላቸው? የእሳቸው ዝይ ይሻላል። አደራ፣ እንዳትነኩት።"

ጄኔራሉ ስብሰባ ጠርቶ ተጫዋቾቹ ለሰዓታት ተከራከሩ። አንዲት ነገር እንዳትቀር ብለው የማሉ ሰዎች ናቸውና ዋናውን ፋይል መጣል አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ዝይዎቹ በአማቱ ድምፅ እንዲቀጥሉ ሆነ፤ የሽማግሌው ድምፅ ደግሞ በሦስተኛው ደሴት ላይ ላለው የዓሣ አጥማጁ ጎጆ በር ተሰጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል። እስካሁን ድረስ ድምፁ ትክክል አይደለም ብሎ ያማረረ ሰው የለም።