የወንዝ ማዶ ደመወዝ

ከአርባ ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ የፈረመችው ባርጋቪ ናት። ጸሐፊው ሶማን ወረቀቱን በካሹ ለውዝ ከረጢት ላይ ዘርግቶ፣ «እትዬ ባርጋቪ፣ አንቺ ከፈረምሽ ሌሎቹ አያንገራግሩም» አላት። እውነቱን ነበር። ዕድሜዋ አርባ አምስት ነው፤ ከፋብሪካው ወለል ላይ የተቀመጠችው ግን በአሥራ አራት ዓመቷ ነውና ከእርሷ በፊት የገባ ሰው በቤቱ አልቀረም። ስሟን ፊደል በፊደል አሳምራ ጻፈች። ከኋላዋ የተሰለፉት አርባ አንዱ ተከተሏት።

ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሥራው ወንዝ ማዶ ወደተሠራው አዲስ መጋዘን ይዛወራል፤ ሠራተኞቹም በገዛ ፈቃዳቸው አብረው ይዛወራሉ። ወረቀቱ ያልጻፈውን ነገር አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። ወንዙ የሁለት የህንድ ግዛቶች ድንበር ነው፤ ከወዲህ ኬረላ፣ ከወዲያ ታሚል ናዱ። የሥራን ዝቅተኛ ክፍያ እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ይወስናል፤ ለካሹ ፈልፋይ የማዶው ተመን ከወዲህኛው በሲሦ ያንሳል።

ባርጋቪ ይህን እያወቀች ለምን ፈረመች? ኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። ሶማን፣ «ካልተሻገራችሁ ጌታው በሩን ይዘጋል» ብሎ ነበር፤ የተዘጋ ፋብሪካ ደግሞ በዚያ አውራጃ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ ቃል በኋላ የሚመጣውን እንደ ዝናብ ነው የተቀበለችው። ሰው የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ሲመታ አይደለም፤ ሌላ መንገድ የለም ብሎ ሲያምን ነው። ያኔ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይፈርማል።

ሰኞ ማለዳ ከሁለት የኮኮናት ግንድ የተሠራውን ድልድይ በሰልፍ ተሻገሩ። ቀልድ የማያልቅባት ሱሎቻና ከኋላ ጮክ ብላ፣ «እትዬ፣ ደሞዛችን የሚወድቀው ድልድዩ መሀል ላይ ነው ወይስ ጫፉ ላይ? መሀል ላይ ከሆነ ጎንበስ ብዬ ላንሣው» አለች። ሳቁ። ባርጋቪም ሳቀች።

አዲሱ መጋዘን ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ያው ወለል፣ ያው የተጠበሰ ፍሬ፣ ያው የእንጨት መዶሻ። ካሹ ቅርፊቱ ውስጥ የሚያቃጥል ዘይት አለው፤ እጅን አጥቁሮ ቆዳ ይልጣል። ሴቶቹ ጣታቸውን አመድ ውስጥ እየነከሩ ፍሬውን በስፌቱ ላይ አንድ ጊዜ ይመቱታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ የተመታ ይሰበራል፤ የተሰበረ ደግሞ ከሚዛን ይወጣል። ባርጋቪ ከመቶ ፍሬ ሁለት እንኳ አትሰብርም። ይህ ችሎታ ድልድዩን ሲሻገር ምኑም አልጎደለበትም። ክንዱ ያው፣ ዓይኑ ያው፣ ቃጠሎው ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው ብቻ ከመቶ እርምጃ በኋላ በሲሦ ይወርዳል። የጉልበት ዋጋ የሚኖረው ሰውየው ውስጥ ነው ወይስ የቆመበት አፈር ውስጥ? መልሱ በመጻሕፍት ላይ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ መጋዘን አፈሩ ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያው የክፍያ ቀን ሲደርስ ሴቶቹ የተቀበሉትን ደጋግመው ቆጠሩ። ባርጋቪን ያየ እንጂ የወቀሰ አልነበረም። በመጨረሻ ፊደል ያልቆጠረችው ራጃማ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ የፈረምኩት አንቺን አይቼ ነው። ማንበብ ትችያለሽ ብዬ» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሆነውን እንደሆነ ነው የተናገረችው። ባርጋቪ ያን ቀን እራት አልቀመሰችም። ሴቶቹን ድልድዩን አሻግራ የወሰደቻቸው እርሷ ናት፤ መልሳ ማምጣትም ያለባት እርሷ ናት።

በማግስቱ ከተማ ወርዳ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪውን ኩሪያንን አገኘችው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ከጥቁር ጃንጥላው የማይለይ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን መጣ። ድልድዩ ላይ ወጣ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ይሻገሩ እንጂ ጌታዬ» አለችው ባርጋቪ ከማዶ።

«ሥልጣኔ እዚህ ድረስ ነው። ከዚህች እንጨት ወዲያ ተራ መንገደኛ ነኝ።»

«ታዲያ ተራ መንገደኛ ይሁኑና ገብተው ሻይ ይጠጡ» አለች ሱሎቻና። «እኛም እዚህ ተራ ሠራተኞች ነን።»

የፋብሪካው ባለቤት ራጋቫን ፒላይ ነጭ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ከመጋዘኑ ደጃፍ ብቅ አለ። «አቶ ኩሪያን፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው? በዚህ ወር እንኳ የለም» አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ትሕትና በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። የታሚል ናዱ ተቆጣጣሪ ባለፈው ሳምንት መጥቶ መዝገቤን አይቷል። የእነርሱን ተመን አንድ ሳንቲም ሳልቀንስ ነው የምከፍለው» ሲል ጨመረ።

አልዋሸም። የነገሩ መራራነትም እዚያ ላይ ነው። ሕጉን ሳይጥስ፣ ሕጉ ከሚያንስበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ኩሪያን ጃንጥላውን ከፍቶ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሦስት ወር አለፈ። ውሃ የሚቀዱት ከመጋዘኑ አጠገብ ካለችው ከአሮጊቷ ከቼላማ ጉድጓድ ነው። ቼላማ ታሚል ናት፤ የኬረላ ሴቶችን በታሚል እየሰደበች በእነርሱ ቋንቋ በማላያላም ትመርቃቸዋለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባርጋቪ ባልዲዋን ይዛ ብትሄድ አሮጊቷን በረንዳዋ ላይ ሩዝ ስትለቅም አገኘቻት። ፍሬው ወፍራም፣ ቀላ ያለ ነው።

«እማማ፣ ይሄ የእኛ የመንግሥት ሱቅ ሩዝ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ከየት ይሁንልሽ? በየወሩ ልጄ ነው የሚያመጣልኝ።»

«አንቺ ግን የወንዝ ማዶ ሰው ነሽ። የኬረላ ራሽን ማን ሰጠሽ?»

ቼላማ ቀና ብላ እንደ ሞኝ አየቻት። «ልጄ፣ እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ወንዙ ድሮ ከጓሮዬ በኩል ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ከጓሮዬ ተነሥቶ በደጄ ዞረ። ይኸው አልተመለሰም። እርሱ ቢዞር እኔ ልዙር? የራሽን ደብተሬንም አልለወጥኩ፣ ድምፅም የምሰጠው እዚያው እናንተ ትምህርት ቤት ነው።»

«ጎርፉ መቼ ነበር?»

«ድንበሩን ለክተው ድንጋይ ከተከሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ። ትልቁ ልጄ ጡት ሲጥል።»

ባርጋቪ ባልዲውን አስቀመጠች። አገሬው ሁሉ ድንበሩ ወንዙ ነው ይላል፤ ድንበሩ ሲሰመር ወንዙ የነበረበትን ግን የጠየቀ የለም። ራጋቫን ፒላይም አልጠየቀም። መሬቱን የሸጡለት ሰዎች «ወንዝ ማዶ» አሉት፤ ወንዝ ማዶ መሆኑን በዓይኑ አየ፤ ጨረሰ። ውሃ ይሄዳል፤ መስመር ባሰመሩበት ይቀራል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እውነት እንደሆነ ፈላስፋ ይከራከርበት፤ ባርጋቪ የሚያስፈልጋት የትኛው በካርታ ላይ እንዳለ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ደብተርሽን ለሁለት ቀን ታበድሪኛለሽ?»

«ሩዜን ካላስቀረሽብኝ ውሰጂ።»

ኩሪያን ደብተሩን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው። ከዚያ ሳይቀመጥ ወደ መሬት ቢሮ አመራ። የዘጠኝ ቀን ደብዳቤና ምልልስ ወሰደ፤ ለመንግሥት ቢሮ ሩጫ ነው። በአሥረኛው ቀን ቀያሽ ተመደበ።

ወሬው ባለቤቱ ጆሮ ደረሰ። ራጋቫን ፒላይ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ከባርጋቪ አጠገብ ቆመ። አልተቆጣም፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር።

«ባርጋቪ፣ የሴቶቹ አለቃ ላደርግሽ አስቤ ነበር። ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው። ለዚህ እጅሽም ዕረፍት ነው።»

ባርጋቪ መዶሻውን ሳታስቀምጥ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ላይ ተቀምጬ አሁን ወንበር ላይ ብወጣ ያዞረኛል ጌታው» አለችው።

ከኋላ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። ባለቤቱ ፊቱ ዳመነ፤ ወጣ። ባርጋቪ የያዘችውን ፍሬ መታችው፤ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቀያሹ የድንበሩን ድንጋይ ካላገኘው ነገ ከሥራ የምትወጣው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ የሳቁትም ጭምር ናቸው።

ቀያሹ ረቡዕ ረፋድ ላይ የመለኪያ ሰንሰለቱንና ካርታውን ይዞ ደረሰ። ኩሪያን አብሮት መጣ፤ ግን ድልድዩ መሀል ላይ እንደ በፊቱ ቆመ። ቀያሹ ከቼላማ ጓሮ ተነሥቶ፣ በሙዝ ተክሉ መሀል፣ በደረቀው የድሮ ወንዝ ጉድባ እየለካ ሄደ። ጉድባው ላይ አሁን ካሳቫ ተተክሎበታል። ሰንሰለቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ሲደርስ ቆመ። ፊት ለፊቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የካሹ ቅርፊት ክምር አለ፤ ሴቶቹ ራሳቸው ሦስት ወር ሙሉ የደፉት።

«ድንጋዩ ካለ እዚህ ስር ነው» አለ ቀያሹ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ራጋቫን ፒላይ። «ክምር የሚያነሣ ሠራተኛ የለኝም። ያሉኝ ፈልፋዮች ናቸው፤ አሁን ደግሞ የሥራ ሰዓት ነው።»

ባርጋቪ ከወለሉ ተነሣች። ቅርጫቷን አንሥታ በጓሮ በር ወጣች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም፤ መዞር ፈርታ ነው። የሰማችው የመዶሻ ድምፅ አንድ በአንድ ጸጥ ሲል ነው። ከዚያ የእግር ኮቴ።

«ጌታው፣ የዛሬውን በየትኛው ግዛት ተመን ይቆርጡብናል?» አለች ሱሎቻና እያለፈችው። «አስቀድመን እንድናውቀው ነው።»

አርባ ሁለት ቅርጫት ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር። ቅርፊቱ ውስጥ የቀረው ዘይት ክንዳቸውን ለበለበው፤ አቧራው አስነጠሳቸው። ቼላማ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ «በግራ በኩል፣ እናንተ ዕውሮች፣ በግራ» እያለች በታሚል ታዛለች። ባለቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የራጃማ ቅርጫት ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ።

«ሥር ነው መሰለኝ» አለች።

ሥር አልነበረም። ቀያሹ ተንበርክኮ በመዳፉ ጠረገው፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር ድንጋይ። በአንድ ጎኑ የማላያላም ፊደል፣ በሌላው የታሚል ፊደል ተቀርጾበታል። ቀያሹ አንዴ ወደ ካርታው፣ አንዴ ወደ ድንጋዩ አየ። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አመለከተ።

«መጋዘኑ፣ ጉድጓዱ፣ የአሮጊቷ ቤት፣ ሁሉም ከድንጋዩ ወዲህ ነው። ኬረላ ነው።»

ባርጋቪ ወደ ድልድዩ ሮጠች። ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። «ጌታዬ፣ ይሻገሩ» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «አገርዎ ነው።»

ኩሪያን ጃንጥላውን አጠፈ። ግራ እግሩን አነሣና ያቺን እንጨት አለፋት። መጋዘኑ ደጃፍ ደርሶ፣ በማይጮህ ድምፁ፣ «አቶ ራጋቫን፣ መዝገቡን እባክዎ» አለ። ሶማን ነው ሮጦ ያመጣው።

ጉዳዩ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሰሚ ቀርቦ ሁለት ወር ፈጀ። ራጋቫን ፒላይ ጠበቃ ይዞ ስለ ወንዝና ስለ ቅን ልቦና ብዙ ተናገረ፤ ድንጋዩ ግን አልተናገረም፣ አልተነቃነቀምም። ውሳኔው ሥራው የሚሠራው ኬረላ ውስጥ ስለሆነ የኬረላ ተመን ይከፈል፣ የጎደለውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሟልቶ ይሰጥ የሚል ነበር። በፈቃድ የተባለው የዝውውር ወረቀት ወደ ሌላ ግዛት ያላዛወረ ሆኖ ስለተገኘ ተሠረዘ። ራጃማ ይህን ስትሰማ ባርጋቪን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ «ማንበብ ብትችዪም ባትችዪም አሁን ግድ የለኝም» አለቻት። ባርጋቪ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በደንቡ መሠረት የክፍያው ተመን በሰሌዳ ተጽፎ ሠራተኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበትና ሶማን ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ በሚስማር መታው። ሴቶቹ ከበታቹ ቆመው፣ «ወደ ቀኝ ዘመመ»፣ «አሁን ደግሞ ወደ ግራ» እያሉ አራት ጊዜ አስነቀሉት። ጠማማ ሆኖ አይደለም፤ ሶማን ሲወጣና ሲወርድ ለማየት ነው።

ቅዳሜ ከሥራ መውጫ ላይ ሦስት ሴቶች በካሳቫው ማሳ በኩል መጡ። ከድንጋዩ ወዲያ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይርቅ ሌላ የካሹ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ እጃቸው እንደ ባርጋቪ እጅ ጥቁር። ከሰሌዳው ፊት ቆመው አዩት፤ ማላያላም ማንበብ አይችሉም።

«እህቴ፣ ለፈልፋይ ስንት ነው የሚለው?» አለች ትልቋ በታሚል።

ባርጋቪ ነገረቻት። ሴትየዋ በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ መልስ እንደማትጠብቅ ሰው ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል፣ «እኛስ?» አለች።

ያ ድንጋይ ሲገኝ ባርጋቪ የተደሰተችው ከወዲህ በኩል በመሆኗ ነበር። ድንጋዩ ሁለት ጎን እንዳለው አሁን ነው ያሰበችው። ሴትየዋን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጠቆረው ጣቷ አየቻት።

«ስንት ናችሁ?»

«ስልሳ እንሆናለን።»

«ነገ እሑድ ነው» አለች ባርጋቪ። «ቤትሽ በየት በኩል ነው?»