የእትዬ ወለቴ ቅቤና የሸዋንዳኝ ዳቦ

እትዬ ወለቴ ሲናደዱ ነጠላቸውን አውልቀው፣ አራግፈው፣ መልሰው ይለብሱታል። በዚያ ሰሞን በእኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያቺን ነጠላ ስንቴ እንዳራገፏት ፈጣሪ ይወቀው።

«የማይሸት ቅቤ ያምጡልኝ ይለኛል!» አሉኝ። «የማይሸት! የማይሸት ከፈለገ ቫዝሊን አይገዛም? አንተ መምህር ነህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ የማይሸት ቅቤ ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ዳቦው የሚወደው እንደሱ ያለውን ነው ይላል እኮ።»

«ዳቦ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚመርጠው?»

ነገሩ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሸዋንዳኝ ከጅቡቲ ተመልሶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ፣ የፈረንሳይ ዳቦ ቤት ሊከፍት ሲሰናዳ ነው። ሸዋንዳኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ወጥቶ፣ እዚያ አንድ የፈረንሳይ ዳቦ ቤት ውስጥ ሲያቦካ ኖሮ፣ ጸጉሩን እዚያው ጥሎ ሙያውን ይዞ ተመለሰ። በተለይ የሚመካው ክሩዋሳ በምትባለዋ፣ በቅቤ በምትነባበረው ዳቦ ነው። ሊጡን ይዳምጠዋል፣ ቅቤውን በላዩ ይዘረጋል፣ ያጥፈዋል፣ እንደገና ይዳምጠዋል፣ ደግሞ ያጥፈዋል። ቅቤው ከቀለጠ ሁሉም ነገር አበቃ። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ያህል እልህ እንደሚያስጨርስ ይገባዋል።

ቅቤ ሲያስፈልገው እናቱ በሕይወት ሳሉ የቅቤ ደንበኛቸው ወደነበሩት ወደ እትዬ ወለቴ ሄደ። ጥፋትም አይደል። እትዬ ወለቴ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር ተድረው ወደ አርባ ምንጭ የወረዱ ናቸው። ባላቸው በልጅነት ጥለዋቸው ቢሞቱም፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በቅቤ ነው። ደገኞቹ ሴቶች በኮባ ጠቅልለው የሚያወርዱትን ለጋ ቅቤ ይቀበሉና ለገበያ አያወጡትም። ጓዳቸው ውስጥ፣ ጨለማው ጥግ፣ እንስራ ውስጥ ያስቀምጡታል። በየጊዜው እየከፈቱ በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ያሸቱታል። «ገና ነው» ካሉ ገና ነው፤ የመስቀል ዋዜማ ቢሆን፣ ደንበኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢለምን፣ አይሸጡም። ለጋ ቅቤ በእሳቸው ዘንድ የጸጉር ነው። ሆድ የሚገባው በሳሉ ብቻ ነው። «ዕድሜ ያላየ ቅቤ ወጥ ውስጥ ገብቶ ምን ይናገራል?» ይላሉ። ሲቀላ ገበያ ውስጥ «የወለቴ ቅቤ» ከተባለ ቀምሶ የሚገዛ የለም፤ ስሙ ይበቃል።

እንግዲህ ሸዋንዳኝ ለእኚህ ሴትዮ ነው ዛሬ የተናጠ፣ ምንም የማይሸት ለጋ ቅቤ ያምጡልኝ ያላቸው።

እሺ አሉት። እሺ ያሉት ደግሞ ለወሬው ሲሉ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የፈረንሳዩ ዳቦ ቤት በወለቴ ቅቤ ሊጋግር መሆኑን ያልሰማ የገበያ ሰው አልቀረም። ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ መጣ። ሰው ሁሉ ተጠርቶ ሊቀምስ ነው። ቀምሶ ቅቤው ካልሸተተው «የወለቴ ቅቤ ውሃ ሆነ» ሊል ነው።

ሸዋንዳኝ የምረቃውን ቀን ሲመርጥ ጾሙን አስቦ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ አድርጎት ነበር። ዓርብ ጠዋት እሱ ዱቄት ሊያመጣ ወጥቷል። እትዬ ወለቴ ዳቦ ቤቱ መጡና የተጠቀለለውን ቅቤ ለሠራተኛዋ ሰጥተው ሄዱ። ለጋ አልነበረም። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ብለው ሁዳዴን ሙሉ እንስራ ውስጥ ያቆዩት ነበር። ከዚያ የተሻለ ቅቤ በቤታቸው አልነበረም፤ ምናልባት በከተማውም።

ሸዋንዳኝ ከአቧራው የተነሣ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተዘግቷል። ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዟል። ዳመጠው፣ አጠፈው፣ ጠቀለለው። ምድጃው ሲከፈት ግን ጉንፋን ለያዘውም ሸተተ።

ያን ጊዜ እንግዳው ተቀምጧል። የገበያ ሴቶች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው አቶ ዕዝራ አለ፤ ለቱሪስት ሆቴሉ ዕቃ የሚገዛው እሱ ነው፤ ከወደደ በየቀኑ ሊወስድ ነው። መጀመሪያ ረጅሙ ዳቦ ቀረበ። የእትዬ ወለቴ የገበያ ጎረቤት ወሰንየለሽ፣ እሷም ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ጫፉን ነክሳ መልሳ አወጣችው።

«ይሄን የጋገረው ለመብላት ነው ለግንብ?»

«ሻይ ውስጥ ንከሪው» አሏት እትዬ ወለቴ፣ እንደ ባለቤት። «ፈረንሳይ አገር እንደዚያ ነው የሚበላው።»

ከዚያ ክሩዋሳዎቹ በትሪ መጡ። ሽታው ከትሪው ቀድሞ ባጃጅ ተራው ደረሰ። አቶ ዕዝራ ነከሰ፣ አላመጠ፣ ማላመጡን አቆመ።

«ሸዋንዳኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ውስጡ ክትፎ አለው እንዴ?»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሚጥሚጣ ይምጣ ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ግን ሳይስቅ ሁለተኛውን እያነሣ ነበር፤ የምሥራቹን ለእትዬ ወለቴ በዓይኔ ነገርኳቸው። እሳቸው እኔን አላዩኝም። የሚያዩት አቶ ዕዝራን ነበር፤ ጉርሻውን በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ሲከት።

«ቅቤው የማን ነው?» አለች ወሰንየለሽ፣ እያወቀች።

ሸዋንዳኝ ወደ እትዬ ወለቴ ተመለከተ። ራሰ በራው እስከ አናቱ ቀልቷል። አሁን ሊናገር ነው ብዬ ፈራሁ።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አለ። «ፍሪጁ ሲጠፋ ቅቤው ተበላሸብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውየው እኮ ሊያድናቸው ነው። መብራት ጠፋ ከተባለ በዚህ ከተማ ማን ይጠይቃል? እትዬ ወለቴ ግን የሰሙት «ተበላሸ» የሚለውን ብቻ ነው። ነጠላው ወለቀ።

«የኔ ቅቤ ነው!» አሉ ብድግ ብለው። «አልተበላሸም! መብራትም አልጠፋም! ቅቤ ማለት እንዲህ ነው የሚሸተው!» የቀረውን በጋሞኛ ጨረሱት፤ መተርጎም አያስፈልገውም።

አቶ ዕዝራ ሲወጣ ሸዋንዳኝን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ለሚመጣው ቅዳሜ ሌላ አቅምሰኝ። ይሄን የበላ ቱሪስት ሆዱን ይዞ ይቀራል እንጂ አዞ ሊያይ ጀልባ ላይ አይወጣም።»

ከዚያ በኋላ መከራው የኔ ሆነ። ጠዋት እሱ ይመጣል፤ «ምን በደልኳቸው? የጠየቅኳቸው አንድ ነገር! አንድ!» ይላል። ከሰዓት እሳቸው ይመጣሉ፤ «ለልጄ ልጅ ያስቀመጥኩትን ሰጥቼው በሰው ፊት አበላሸኝ» ይላሉ። ሁለቱንም አዎ፣ አዎ እላለሁ። ሻይ ያለቀብኝ በዚያ ሳምንት ነው።

በመጨረሻ ሸዋንዳኝን «ለእኔ አታውራ፤ አቅምሳቸው» አልኩት። ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ወለቴ እኔ ጋ ተቀምጠው ሲያራግፉ፣ አንዲት ክሩዋሳ በሳህን ይዞ መጣ። ፊታቸው አስቀመጣት።

«ምንድነው?»

«ይቅመሱ፣ እትዬ። ከዚያ ይስደቡኝ።»

በሁለት ጣት ቆረሷት። ፍርፋሪው ቀሚሳቸው ላይ ዘነበ። «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የደረቀ ቅጠል?» ጎረሱ። «አየር ነው። አየር ነው የምትሸጠው።» ደግመው ቆረሱ። «ጨውም የለው።» ደገሙ። «ለጸጉር የሚሆን ቅቤ፣ ጉድ እኮ ነው!» እያሉ ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ቀሚሳቸው ላይ የወደቀውን በአውራ ጣታቸው እየነኩ ለቀሙት። ከዚያ ጣታቸውን ቅቤ እንደሚመረምሩት አሸቱት።

«ቅቤው የማን ነው?» አሉ።

«የአንዲት የገረሴ ሴት» አለ ሸዋንዳኝ።

«የገረሴ?»

«አዎ።»

«ከጨንቻ ቅቤ የገረሴ በልጦ?» ነጠላው ወለቀ፣ ተራገፈ፣ ግን አልተለበሰም፤ እጃቸው ላይ ቀረ። ሸዋንዳኝን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ ልጅ፣ ስማኝ። የጓሮ በር አለህ?»

«አለኝ።»

«ማንም አያይም። ማንም አይሰማም። ገበያ ውስጥ ወለቴ ለጋ ቅቤ ለሆድ ሸጠች ከተባለ፣ እኔና አንተ ተጣላን ማለት ነው። መምህር፣ አንተም አፍህን!»

ቅዳሜ አቶ ዕዝራ ቀመሰ፤ ሌላ ሳይናገር ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሆቴሉ እንዲላክ አዘዘ። ተማሪዎቹ ግን የመጀመሪያዋ ትሻል ነበር ይላሉ እስካሁን። ይሄን ለእትዬ ወለቴ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ተኮሳተሩ።

በየሳምንቱ ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ በጓሮ ይገባሉ። ክሩዋሳም ካልተቀመጠላቸው ይቆጣሉ፤ ሲሰጣቸው ደግሞ አየር ነው እያሉ ይበላሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ወሰንየለሽ መንገድ ላይ ያዘቻቸው። የኮባውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሸተተች።

«ለጋ ነው እኮ! ለማን ነው?»

«ለሸዋንዳኝ» አሉ እትዬ ወለቴ፣ ሳይደነግጡ።

«ዳቦው ውስጥ ሊጨምረው?»

«ምን በወጣው! ለጸጉሩ ነው።»

ወሰንየለሽ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞረች። ሸዋንዳኝ በሩ ላይ ቆሟል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ አናቱ ላይ እንደ መስተዋት ያበራል።

«የቱ ጸጉር?»

«ታዲያ» አሉ እትዬ ወለቴ፣ መንገዳቸውን እየቀጠሉ፤ «ለምን ይመስልሻል የሚቀባው?»