በመስኮት የመለስኩት ቃል

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ፣ ልጄ ሰብለ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ታጉረመርም ነበር። የእንግሊዝኛ ጨዋታ ነው። ስልኩ ሁለት ሦስት ፊደል ይሰጣታል፤ እሷ እነዚያን ፊደሎች በሙሉ የያዘ ቃል ፈልጋ ትጽፋለች። ፊደሎቹ ከፊት ይምጡ ከኋላ፣ ይራራቁ ይጠጋጉ ግድ የለም፤ ብቻ ከቃሉ ውስጥ መገኘት አለባቸው።

«ኤክስ፣ ሲ፣ ኤች» አለች ለራሷ። «እንዲህ ያለ ቃል የለም።»

«አለ» አልኳት ከጎመኑ ቀና ሳልል። «ጻፊ። ኢ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኢ፣ ዲ።»

ጻፈች። ስልኩ ተቀበላት። ልጄ አፏን ከፍታ አየችኝ። እኔ አምስተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፤ የመድኃኒት ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት።

«እማ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ከበር።»

ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት የፊታችን ሰኞ ወደ ወልድያ ልትሄድ ነው። መንገዱ ያስፈራኛል፤ መኪና ቆመ፣ ሰው ታገተ የሚል ወሬ አይጠፋም። የባሌ ወንድም አያ መኮንንም በየቀኑ እየመጣ «አስቀሪያት» ይለኛል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያ የልጅነቴ ነገር ሁሉ በዚያች ቃል ተጎትቶ የመጣው።

ያደግሁት ብልባላ አጠገብ ነው። ከድርቁ በኋላ የእርዳታ ዘይት በትልልቅ ጣሳ ይመጣ ነበር፤ ዘይቱ ሲያልቅ ጣሳውን የሚጥል ሰው አልነበረም። አባቴ እየቀደደ፣ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ዘረጋና እንጨት ላይ ቸንክሮ በር ሠራበት። ግማሹን ዘቅዝቆ፣ ግማሹን አጋድሞ ነው የመታው፤ ጣሳው ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ለሱ ጌጥ ነበር እንጂ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ዓይኔ እዚያ ጽሑፍ ላይ ይውላል። ትርጉሙን አላውቅም፣ ድምፁንም አላውቅም፤ መልኩን ግን እንደ ጎረቤት ፊት ለየሁት። የተዘቀዘቀውን ለማየት አንገቴን ማጋደል ስለለመድኩ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ሰሌዳውንም አንገቴን ጠምዝዤ ነበር የማየው። ልጆቹ «አንገተ ጠማማ» አሉኝ፤ እንጉዳይ የሚለውን ስሜን የሚጠራ ጠፋ።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ቲቸር ሞላ የሚባል ወጣት መምህር አርብ አርብ ይኼንኑ ጨዋታ ያጫውተን ነበር። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው፤ ጠመኔ ግን አይጠፋም። ሦስት ፊደል ይጽፍና «እስቲ እነዚህን የዋጠ ቃል አምጡ» ይለናል። ወንዶቹ ከመጽሐፉ ያመጣሉ፤ እኔ ከበሩ። ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራለታለሁ፣ አነባበቡን እሱ ያስተምረኛል። የክፍሉ አለቃ ደሳለኝ ስረታው ይናደድና «ነገ በርሽን ተሸክመሽ ነይ» ይለኛል።

ጥቅምት ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላሊበላ ሊደረግ ሆነ። ቲቸር ሞላ እኔንና ደሳለኝን መረጠ። ውድድሩ ቅዳሜ ስለሆነ አርብ ሄዶ ማደር ግድ ነበር። ይኼን ለመንገር ቤታችን መጣ።

«መምህር፣ አከብርዎታለሁ» አለው አባቴ። «ሴት ልጅ ግን ከወንድ ጋር ተጉዛ ሰው አገር አታድርም። አንድ ነገር ብትሆን ማን አለሁ ይለኛል?»

«የምታድረው እኔ እህት ቤት ነው።»

«የእርስዎ እህት ለእርስዎ ናት።»

በዚሁ አለቀ። በኔ ቦታ ሌላ ወንድ ልጅ ተላከ።

ቅዳሜ ወገግ ሲል ሴቶች አህያ እየነዱ ለላሊበላ ገበያ በደጃችን ሲያልፉ ተነሣሁ። እናቴ አየችኝ። በነጠላዬ ጫፍ በሶ ቋጠረችልኝ። ከሴቶቹ አንዷ፣ እትየ ብርቄ፣ ገና ስታየኝ «አባትሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል።»

«ዋሽተሻል። በይ ያችን አህያ ንጅ።»

ጤዛው እግራችንን አርሶት፣ የደረሰውን ገብስ በግራ በቀኝ እያየን፣ ቁልቁለቱን ወርደን አቀበቱን ወጣን። እትየ ብርቄ ባቄላ እሸት እየፈለፈለች በየመሀሉ ታቀብለኝ ነበር። ከተማው ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ውድድሩ ያለበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ስሜን ከዝርዝሩ አጥቶ መለሰኝ። በጓሮ ዞሬ ከአንድ መስታወት የሌለው መስኮት ሥር ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ውስጥ የየትምህርት ቤቱ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። ዳኛው፣ ባለ መነጽር ሽማግሌ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ኤክስ፣ ሲ፣ ኤች። እጁን ያነሣ የለም። ደሳለኝ ጣራ ጣራውን ያያል።

እኔ በራችንን አየሁት። ቃሉ ከታች በኩል፣ አባቴ ዘቅዝቆ የመታው ጣሳ ላይ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው።

ጭንቅላት ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አንቺ ማነሽ?» አሉ ዳኛው።

«እንጉዳይ ነኝ። ከብልባላ።»

«ይኼን ቃል ከየት አገኘሽው?»

«ቤታችን በር ላይ አለ።» ልጆቹ ሳቁ።

«ትርጉሙስ?»

«እሱን እርስዎ ይወቁት። የተጠየቀው ፊደሉ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ቃሉ ልክ ነው» አሉ። «ነገር ግን ከውጭ የመጣ መልስ አይያዝም።»

«ውጭ ያስቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አልኩ።

ዳኛው ዞረው ሌላ ፊደል ጻፉ። ነጥቡም አልተያዘም፤ ሽልማቱን ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው። ያን ቀን ያደርኩት ቲቸር ሞላ ወስዶኝ እህቱ ቤት ነው። የበራችን ጽሑፍ «እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ» ማለት መሆኑንም እዚያው እራት ላይ ነገረኝ።

እሑድ ስመለስ አባቴ አልመታኝም። «ከነገ ጀምሮ ትምህርት የለም» አለ ብቻ።

«ይቅር። ቃሉን ግን ብየዋለሁ» አልኩት። እስከ ጥምቀት አላናገረኝም። ትምህርቱም እንደቀረ ቀረ።

ብዙ ዘመን አባቴን ክፉ ነው እያልኩ ኖርኩ። ልጅ ወልጄ ሳሳድግ ነው የገባኝ፤ ፈርቶ ነበር። እኔን የሚያህል ነገር መንገድ ላይ እንዳይቀርበት ፈራ። ሲፈራ የኖረው እሱ ነው፤ ዕዳውን የከፈልኩት ግን እኔ።

ትናንት አያ መኮንን መጣና ያንኑ አለኝ። «መንገዱን እያወቅሽ? እናት አይደለሽም?»

«እናት ስለሆንኩ ነው። ትሄዳለች።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ካንተ ይበልጥ እፈራለሁ። ብፈራም ትሄዳለች።»

ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ሰብለ ሻንጣዋን እያሰረች ከውስጥ ሰምታናለች። ሰኞ ትሳፈራለች። ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል ድረስ እህል ውኃ አልቀምስ ይሆናል። ይሁን። መፍራቱን እኔ እችለዋለሁ፤ እሷ ትማር።