ከመንገዱ በታች የቀረው ቤት

ፍኖተ ሰላም ማዘጋጃ ቤት የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ደብረ ማርቆስ ጥቂት ወራት የቅየሳ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ የመንገድ ሥራ ኃላፊ ተባልኩና አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁልፍ ተሰጠኝ። ቁልፉ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ነበር። ስከፍተው አካፋዎች፣ እጀታቸው የላላ ዶማዎች፣ ጥቂት ባሬላዎችና በሲሚንቶ የተሞላ አንድ በርሜል አገኘሁ። በርሜሉ መሐል ለመሐል ብረት ገብቶበት፣ ሁለት ሰው ከፊት እየጎተተው መንገድ የሚጠቀጥቅ ነው። ከዚህ ሌላ ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን የሚቆም አንድ ገልባጭ መኪና ነበረን። የከተማው መንገድ ሁሉ የሚጠገነው በእነዚህ ነበር።

እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ። ምን እንደምሠራ አውቅ ነበርና። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ባት ይውጣል። ከገጠር በቃሬዛ በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው የሚያልፉት በዚያው ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ አራት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክመው ሲመጡ፣ የአንዱ እግር ጭቃው ውስጥ ተይዞ ቃሬዛው ሲያጋድል አይቻለሁ። ሴትዮዋ የቃሬዛውን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሮጬ አንዱን ጫፍ ያዝኩና አብሬ አሻገርኳት። በሚቀጥለው ዓመት ይህን መንገድ አደርቀዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት ያን ቀን ነው።

አደረቅሁትም። ግንቦት ላይ ገልባጩ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ገረጋንቲ፣ ማለት ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር፣ ያመላልስ ጀመር። እሑድ እሑድ የቀበሌው ነዋሪ ለልማት ሥራ ይወጣል። ስም ይጠራል፤ ሰዉም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን አጥር ላይ ሰቅሎ አካፋ ያነሣል። ሥልጠና ላይ የተማርኩት መጀመሪያ አሮጌው ጭቃ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ አፈር የሚሞላው የሚል ነበር። ያን ሁሉ ጭቃ ቆርጦ የሚያወጣ ማሽን ግን የለንም። ስለዚህ ከላይ ደረብንበት። በርሜሉን ጎትተን ጠቀጠቅነው። ክረምቱ ሲገባ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ገበያ ወረደ።

በዚያ መንገድ ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በከተማው ከነበሩት የሙስሊም ቤተሰቦች ከአንዱ የተወለዱ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። የስፌት መኪናቸውን በረንዳቸው ላይ አውጥተው፣ መትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው ነው ቀኑን የሚውሉት። በረንዳው ላይ ለመውጣት ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች ነበሩ። ጎረምሳ ሳሉ በገዛ እጃቸው ጠርበው እንደሠሯቸው ነግረውኛል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ እንዳለቀ ጠርተው አመሰገኑኝ። የኮቴን ኪስ ተቀድዶ አይተው፣ ስጠኝ ብለው አስወልቀው እዚያው ሰፉልኝ። የታችኛው ደረጃ አፈር ውስጥ መግባቱን ያን ቀን እኔም ልብ አላልኩም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

ገረጋንቲ ግን በአንድ ክረምት ይታጠባል። ስለዚህ በሁለተኛውም ዓመት ደረብን። በሦስተኛውም። መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ግራና ቀኙ ያሉት ቤቶች ዝቅ አሉ። ከሁሉ ይበልጥ ዝቅ ያለው፣ ቁልቁለቱ ተጠምዝዞ በሚያርፍበት በኩል ያለው የልብስ ሰፊው ቤት ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ደረጃ ብቻ ቀረ። ሳልፍ ሰላምታ ሰጠኋቸውና ሥራው እንዴት ነው አልኳቸው።

«መልካም ነው ልጄ» አሉኝ መርፌያቸውን ሳያቆሙ፤ «የከተማው ደረጃ ከፍ አለ፤ የኔ ደረጃ ነው የጠፋ።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። ሰውዬው የነገሩኝ ነገር ጨዋታ እንዳልነበረ ገባኝ።

በማግሥቱ ሄጄ ማመልከቻ ይጻፉ አልኳቸው። ቁርኣን ይቀራሉ እንጂ አማርኛ መጻፍ አይችሉም ነበርና እሳቸው እየነገሩኝ እኔው ጻፍኩት። ቤቴ ከመንገዱ በታች እየሆነ ነው፣ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ይሠራልኝ የሚል ነው። ማኅተም የለኝም ብለው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱን ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቀረብኩ። ሹሙ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ቁጡ ያልሆነ፣ ግን ከላይ የሚመጣ ስልክ የሚያስደነግጠው ሰው ነበር። ነገሩ የነዋሪ ጉዳይ ስለሆነ ቀበሌው ይየው ብሎ መራው። ቀበሌው ደግሞ መንገድ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው ብሎ መለሰው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ተጣጥፎና ቆሽሾ እኔው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ጥጉ ላይ «ለመንገድ ሥራ ክፍል፣ አይቶ ተገቢውን ያድርግ» ተብሎበታል። የመንገድ ሥራ ክፍሉ እኔ ነኝ።

ተገቢውን ላድርግ ብዬ ተነሣሁ። ውኃው ከቤቱ በላይ ተይዞ፣ በመንገዱ ሥር ተሻግሮ፣ ወዲያ ማዶ ወዳለው ሸለቆ መውረድ ነበረበት። ለዚህ ሁለት የሲሚንቶ ቱቦ በቂ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አንድም የለው። ቡሬ አጠገብ ባለ የአውራ ጎዳና ሠራተኞች ካምፕ ትርፍ ቱቦ አለ ሲባል ሰምቼ፣ ከሹሙ ደብዳቤ አጽፌ በአውቶቡስ ሄድኩ። የካምፑ ዕቃ ቤት ኃላፊ በጨዋ ደንብ ተቀበለኝ፤ ወንበር ሰጠኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ግቢው ወሰደኝና ቱቦዎቹን አሳየኝ። በአጥሩ ጥግ ተደርድረው፣ ሣር በውስጣቸው በቅሎ፣ አንደኛው ውስጥ ዶሮ ተኝታበት ነበር።

«ወንድሜ፣ ብሰጥህ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «ያለ አዲስ አበባ ትእዛዝ ግን አንዱን እንኳ ማንከባለል አልችልም።»

ትእዛዝ ለማምጣት ምን ያህል ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ራሱ ለካምፑ ጣራ ቆርቆሮ ከጠየቀ ሁለት ክረምት እንዳለፈው ነገረኝ። በግቢው ውስጥ ጥቂት ቆምኩ። ቱቦው ከእጄ አንድ ክንድ ይርቃል። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

ቱቦው ቢቀር፣ ውኃውን ከቤቱ በላይ የሚያስቀይስ ቦይ በእጅ እንቆፍር አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ የቀበሌው ሰው ወጣ፤ ሽማግሌውም ዶማ ይዘው ከመሐላችን ገቡ። እባክዎ አባባ ይቀመጡ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። እስከ ጉልበት ያህል ቆፍረን አለት አገኘን። ዶማው ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። ወደ ቀኝ ብንሞክር አለት፣ ወደ ግራ ብንሞክር አለት። እኩለ ቀን ላይ ሰዉ አንድ በአንድ ዶማውን ትከሻው ላይ እያደረገ ሄደ። ማንም አልተቆጣም። ሽማግሌው ብቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ከእጃቸው አፈር ሲያራግፉ ቆዩ።

«ለፋችሁልኝ» አሉኝ። «ከዚህ በላይ ምን ታደርግ?»

ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ስብሰባው የሚደረገው ከገበያው በታች ባለው አዲስ አዳራሽ ስለሆነ መንገዱ እስከዚያ ድረስ ይስፋ፣ ይስተካከል የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ስንለምን የኖርነው ግሬደር፣ አፈር የሚቆርጠውና የሚደለድለው ማሽን፣ በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ነጂው ፀሐይ ያጠቆረው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ነገሩን አስረዳሁት። በልብስ ሰፊው ቤት በኩል መሙላት ትተን፣ ያለውን ቆርጠን ዝቅ ብናደርግ ሰውዬው ይድናሉ አልኩት። ከመኪናው ወርዶ ቤቱንም ቁልቁለቱንም አየ።

«ይቻላል» አለኝ። «ምላጩን ዝቅ ማድረግ ነው። አንድ ቀን ግን ይጨምራል።»

በደስታ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ሹሙን በስልክ ሲነጋገር አገኘሁት። የምለውን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የተጨመረ ቀን የለም፣ ገረጋንቲው ተራግፏል፣ ግሬደሩም ነገ ወደ ደምበጫ ይሄዳል አለኝ።

«ጓድ፣ ቤቱ ውኃ ይገባበታል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ እንዳደረገ። «እንግዶቹ ጭቃ ላይ ከተያዙ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተም ነህ።»

ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ሲባጎውን የወጠርኩት እኔ ነኝ። መንገዱ እስከየት ከፍ እንደሚል የሚያሳየው ሲባጎ በበረንዳቸው ፊት ሲያልፍ፣ ከበረንዳው ወለል በላይ ነበር። ሽማግሌው መትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከሲባጎው እስከ ወለሉ ለኩት። አነበቡትና መልሰው አንገታቸው ላይ ጣሉት። ባለቤታቸው ከበሩ ጀርባ ቆመው ያዩኛል። ግሬደሩ አፈሩን እየገፋ ሲመጣ የበረንዳው እንጨቶች ይንቀጠቀጡ ነበር። ማምሻውን መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ፣ ሰፊና ቀይ ሆኖ ተዘረጋ። ውብ ነበር። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት የሚገባ ሰው ግን ከዚያ ጀምሮ ወደ ታች ይዘላል።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ፤ መስኮታቸውን ሳይከፍቱ ወደ አዳራሹ ወረዱ፤ ከምሳ በኋላ በዚያው ተመለሱ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ፣ የምዕራቡ ሰማይ ጠቁሮ ዶፍ ወረደ። ቢሮ ነበርኩ። የቆርቆሮው ጩኸት ሲበረታ የሚሆነውን አውቄ ሁለት ሠራተኞች ይዤ ሮጥኩ። አፈር የሞላንባቸውን የማዳበሪያ ከረጢቶች በረንዳው ፊት ደረደርን። ውኃው ከመንገዱ ላይ እንደ መጋረጃ ሆኖ ይወርዳል። ከረጢቶቹን መጀመሪያ ዞራቸው፤ ቀጥሎ አለፋቸው፤ በመጨረሻ ይዟቸው ገባ። እኔ አንዱን ከረጢት በጉልበቴ ደግፌ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት ግን አላውቅም፣ ውኃው በሁለት ጎኔ ያልፋል።

ውስጥ ገብተን የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። ባለቤታቸው ጨርቅ በክንዳቸው ታቅፈው አልጋው ላይ ቆመዋል። ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ሆነው የሚፈልጉት የራሳቸውን ዕቃ አልነበረም። ይህ የእገሌ ሱሪ ነው፣ ይህ ለሠርግ የተቀበልኩት ነው እያሉ የሰው ልብስ ከውኃ ያወጣሉ። የጓሮው የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ሟሙቶ በዝግታ ወደ ውጭ ሲተኛ፣ ሁላችንም ቆመን አየነው። በተከፈተው በኩል የጓሮው ጎመን ታየ።

ሰው አልሞተም። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት የሰውን ልብስ ሲያጥቡ፣ ሲያደርቁና ለየባለቤቱ ሲመልሱ ሰነበቱ። ያን ሲጨርሱ ቡሬ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ቤቱ አደጋ ያመጣል ተብሎ እንዲፈርስ፣ በቦታውም ሰፊ የውኃ መውረጃ እንዲሠራ ተወሰነ። ትእዛዙ የመጣው ለእኔ ነው። አፈረስኩት። ግሬደሩን ለማቆየት አንድ ቀን ጠፍቶለት ለነበረው ቤት፣ አሁን ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ። የውኃ መውረጃው እስከ ዛሬ ይሠራል ይባላል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ለሥራ ቡሬ ስሄድ ጠይቄ አገኘኋቸው። ገበያው ዳር የሌላ ሰው በረንዳ ተከራይተው መስፋት ጀምረዋል። ከስተዋል፤ ክር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ባለቤታቸው ያስገቡላቸዋል። በደስታ ተቀበሉኝና ሻይ አስመጡልኝ። የጠየቁኝ ስለ መንገዱ ነበር። በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሁን በደህና ያልፋሉ ወይ አሉኝ። ያልፋሉ አልኳቸው። እውነት ነበር። «ተመስገን» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

ባለቤታቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ቤታችን እየገባህ እየወጣህ፣ ሁሉንም እያየህ፣ እንዴት እንዲህ ሆነ?»

ስለ ቱቦው፣ ስለ አለቱ፣ ስለ ሹሙ ስልክ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ግን እሳቸው ከጠየቁኝ ጋር አልገጠመልኝም። ሽማግሌው «ተይው» አሏቸው በቀስታ። ሻዩን ጨረስኩ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ተነሣሁ፤ ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ባለቤታቸው ግን ሌላ ክር ይመዝዙ ነበር፤ ስሰናበታቸው ቀና አላሉም።