ወፌ ቆመች፣ ባሕር ላይ

የምሥራች! ምሥር ብዪ በሉኝና ልቀጥል። ወፌ ቆመች! በሁለት እግሯ፣ ቀጥ ብላ! ደግሞ የት ብትሉ? መሬት ላይ እንዳይመስላችሁ። አላስካ በሚሄድ መርከብ ውስጥ፣ ውሃው ከሥር እየናጣት!

የማን ወፍ ናት? የተናኘ ናት። የቢከን ሂል ሰፈሯ ተናኘ፣ ኤርፖርት ዊልቸር የምትገፋው። ሽማግሌውንና አሮጊቱን ከአውሮፕላን እየተቀበለች፣ ወደ መርከብ የሚወስደው አውቶቡስ በር ድረስ ስትገፋ ነው ዕድሜዋ አርባን ያለፈው። ስንቱን ለሽርሽር ሸኘች! መርከቡን ግን እሷ ከሩቅ ነበር የምታውቀው።

ልጇ ኖላዊት የተወለደችው ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ፣ ተናኘን ስለ ልጅ መጠየቅ ነውር ከሆነ በኋላ ነው። ሶ፣ እንዴት ያለች ብርቅ እንደሆነች አስቡት! አማቷ እትዬ አዝመራ አራስ ሊጠይቁ ከታኮማ መጥተው በዚያው ቀሩ። መስኮት አይከፈት፣ ነፋስ ይመታታል። ሰው አይያት፣ ዓይን ይበላታል። ወለል አትንካ፣ ብርድ አለው። ልጅቷ ከአያቷ ጭን ወደ አባቷ ትከሻ፣ ከአባቷ ትከሻ ወደ ጠያቂ እቅፍ ስትዘዋወር ዐሥር ወር ሞላት። ዳዴ የለ፣ መቆም የለ። ሊያቆሟት ሲሞክሩ እግሯን እንደ ጃንጥላ እጥፍ ታደርገዋለች።

ሐኪሟ አገላብጣ አየቻትና፣ "ምንም የላትም፤ ወለል ላይ ልቀቋት ብቻ" አለች። ማን ሰምቷት! እትዬ አዝመራ፣ "እሷ ራሷ መቼ ወለደችና!" ብለው ዘጉት። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ግን በሹክሹክታ፣ "እግሯን እንጃ… እናቷ በስተርጅና ወልዳት ነው" ማለት ጀመሩ።

ይህች ቃል ተናኘ ጆሮ ገባች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ መርከብ ቡክ አድርጋ መጣች።

"ጨቅላ ይዘሽ ባሕር?" አሉ እትዬ አዝመራ። "ሰው መጀመሪያ መሬት ላይ ይቆማል!"

"መሬቱን መቼ አሳዩአትና ነው እማማ?"

ባሏ ፍጹም የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ፤ ያደረገው ግን ነጠላ ጫማ ነበር።

"እንዲህ ከሆነ እኔ ታኮማዬ እገባለሁ።"

"ፍጹም ያድርስዎት። ሲመለስ ግን ቶሎ ይበል፣ መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።"

ወይ ድፍረት! ደግሞም አደረገችው። ስንቱን ስትገፋ የኖረች ሴት የራሷን ልጅ በጋሪ እየገፋች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መርከቡ ውስጥ ገባች። የመርከቡ ሠራተኞች ዳይፐር ያደረገ ሕፃን መዋኛው ውስጥ አይገባም ሲሏት፣ "ኦኬ፣ እኛ የመጣነው ለወለሉ ነው" አለቻቸው። ምን ይግባቸው!

ክፍላቸው ጠባብ ናት። አልጋ፣ የሕፃን አልጋ፣ ምንጣፍ፣ አለቀ። እየተቀባበለ የሚያቅፍ ዘመድ የለ። ተናኘ ምንጣፉን ወልውላ ልጇን ቁጭ አደረገቻት። ኖላዊት መርከቡን በለቅሶ ሞላችው። ፍጹም እጁን ዘረጋ።

"እንዳትነካት!"

"እያለቀሰች እኮ ነው!"

"ታልቅስ። እኔም አልቅሼ ነው ያገኘኋት።"

እልህ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል መሰለኝ፣ ኖላዊት ለቅሶው እንደማያዋጣ ሲገባት ዝም አለች። ከዚያ በሆዷ ተሳበች። በማግስቱ የአባቷ ጫማ ድረስ ዳዴ ብላ ሄዳ ጫማውን ነከሰችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት!

መሐል ባሕር ሲገቡ ማዕበል ተነሣ። ትልልቁ ሰው ግድግዳ እየተደገፈ ይሄዳል፤ ፍጹም ራሱ ፊቱ አመድ መስሎ አልጋ ይዟል። ኖላዊት ደግሞ የአልጋውን ልብስ ጨበጠች፣ ጎተተች፣ ወደቀች፣ እንደገና ጎተተች። ቆመች! ተናኘ ሳታስበው እያጨበጨበች፣ "ወፌ ቆመች! ማን ደግፏት?" ስትል፣ ልጅት እናቷን አይታ ለማጨብጨብ ሁለቱንም እጇን ለቀቀች። መርከቡ ወደ ግራ አዘነበለ። ጉልበቷን ሰበር አደረገች፣ ቀና አለች፣ አጨበጨበች!

ወዲያው ለእትዬ አዝመራ ቪዲዮ ኮል ተደረገ።

"ያዟት! ያዟት! መርከቡን አቁሙት!" ብለው ጮኹ ከታኮማ።

"አንይዛትም። ይዩአት።"

አዩአት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ "ማን ደግፏት?" አሉ።

"ማንም! የስተርጅናዋ ልጅ ናት እንግዲህ እማማ።"

ከታኮማ እልልታ ቀለጠ። እልልታው ሲያበቃ ግን እትዬ አዝመራ እጅ መስጠት አያውቁምና፣ "ጸሎቴ ነው" አሉ።

"ይሁንልዎ። ጸሎቱ የእርስዎ፣ ወለሉ የኔ።"

ከተመለሱ ወዲህ የተናኘ ቤት ምንጣፉ ተነጥፎ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትናንት አንዲት ጠያቂ ኖላዊትን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ማን ቢከለክላት ጥሩ ነው? እትዬ አዝመራ! ከታኮማ ተመልሰው ሶፋው ላይ ተሰይመዋል።

"ተያት! ልጅቷን ያቆመቻት እናቷ ናት፤ እሷን ሳትጠይቂ አትንኪያት!"

ተናኘ ከማድ ቤት ሰማች። ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ደረሰ።

በሉ ልሂድ! ጓደኛዬ ሳምራዊ ዋይት ሴንተር ሰፈር ያለውን ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች በጭራሽ አትምረኝም!